ሳንሰማ የምንፈርድ አድማጮች

ባለፈው ወር በምግብ አዳራሹ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ያየ ሰው ያስታውሰዋል። «የዘመናችን አልበሞች ደረጃ» የሚል አርእስት ነበረው፤ ከበታቹም አምስት አልበሞች በተርታ ተጽፈው እያንዳንዱ ከ10 ስንት እንዳገኘ በቀይ እስክሪብቶ ተመልክቶ ነበር። የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» 4፤ የሮፍናን «ነጸብራቅ» 5፤ የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» መጀመሪያ 10 ተሰጥቶት ነበርና በማግሥቱ ሌላ እጅ ሰርዞ 0 አደረገው። ከዜሮው ጎን ደግሞ ሦስተኛ እጅ ስድብ ጨመረበት። ስድቡን እዚህ አልደግመውም፤ ስለ ሙዚቃ ግን አንድም ቃል አልነበረበትም።

ወረቀቱን ከለጠፉት ሰባት ልጆች አንዱ እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመክሰስ ብቻ አይደለም። ማርኩ ከተለጠፈ በኋላ ሰባታችንን አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ «ኤርታሌ»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሰማ አንድም አልተገኘም። «ነጸብራቅ»ን ሁለት ልጆች ሰምተውታል። እኔ ከሁለቱ አልነበርሁም። ሆኖም 5 የሚለውን ቁጥር የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቴንም ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ማሽን ነው እንጂ ዘፈን አይደለም» እል ነበር።

በዕረፍቱ ወደ አንበሳሜ ወረድሁ። ያደግሁት አጎቴ ቤት ነው፤ «አያ» እንላቸዋለን። በወጣትነታቸው ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም ሄደው ነበር፤ አባታቸው ሲሞቱ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ እርሻ ተመለሱ። የደቡብ ጎንደር ሰው ቤተልሔም ምን እንደ ሆነች ያውቃል። ከሌላ አገር ለመጣችሁ ጓደኞቼ ግን ባጭሩ ልንገራችሁ። ድጓን የትም የተማረ ሰው፣ የድጓ መምህር ለመባል እዚያ ሄዶ በመምህራን ፊት ያስመሰክራል። መምህሩ «ድምፅህ ያምራል» ብለው አያሳልፉትም፤ «ወገኔ ነህ» ብለውም አያሳልፉትም። መጽሐፉ ገጽ በገጽ፣ ምልክቱም አንድ በአንድ ይታያል፤ የሳተው ይታረማል። ገና ሳይሰሙት የሚፈርዱበት ተማሪ የለም።

እንግዲህ አንድ ቀን ጧት ከደጅ ተቀምጬ በስልኬ ዘፈን ስከፍት አያ በሬዎቻቸውን ሊያወጡ መጡ።

«ይህ ደግሞ የማን ነው?» አሉኝ።

«ሮፍናን የሚባል ልጅ ነው፣ አያ። ማሽን ነው። ከአሥር አምስት ሰጥቼዋለሁ።»

«ስንት ዘፈን አለበት?»

«ብዙ ነው።»

«ስንቱን ሰማህ?»

«ሁለቱን።»

«እንግዲያ የሁለቱን ተናገር» አሉና በሬዎቹን ነድተው ሄዱ።

አፈርሁ። ማታ ከራት በኋላ አልበሙን ከአንድ ብዬ ጀመርሁ። አያ መኝታቸው ላይ ጋደም ብለው ነበርና የተኙ መስሎኝ ነበር። ምቱ ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ድምፁ ብቻውን ከቀረ በኋላ፣ እንደ ገና እየፈጠነ መጥቶ የሚወድቅበት ቦታ ሲደርስ ከጨለማው ውስጥ «ከመረግድ ወደ ጽፋት እንደ መሄድ ያለ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ይህን ማለቴን ለየኔታ እንዳትነግር» አሉኝ። ለየኔታ አልነገርሁም፤ በጋዜጣ ማውጣት ግን ክልክል ነው አላሉኝም።

ያን ሌሊት የገባኝ ነገር ይህ ነው። እኔ «ማሽን» ብዬ የናቅሁት ሥራ የራሱ አካሄድ አለው። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. ይህን አልበም ሲያወጣ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃን ከአገር ቤት ምትና ድምፅ ጋራ አጋብቶ ነው ያቀረበው። እንዲህ ያለው ሥራ አንዱን ዘፈን ነጥለው ቢሰሙት ግማሹ ይጠፋል፤ አንዱ ዘፈን ሌላውን እያዘጋጀ የሚሄድ ነውና። ጉድለት የለበትም አልልም። በእኔ ጆሮ ግጥሙ ከምቱ ጋራ ሲሽቀዳደም አንዳንድ ቦታ ቃሉ ተውጦ ይቀራል፤ የቃሉን ወርቅ ለመፈለግ የለመደ አድማጭ ደግሞ ይህን በቀላሉ አያልፈውም። ዛሬ 8 እሰጠዋለሁ። ያን 5 የሰጠሁት ለሮፍናን ሳይሆን ለራሴ ስንፍና ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ተሰረዘው 10 ልመለስ፤ ነገሩ የከበደው እዚያ ላይ ነው።

የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ወጣ፤ ወዲያውም በአሜሪካው የቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ በአዲስ አበባ ሊደረግ የነበረውን የምርቃት ዝግጅት ፖሊስ አስቆመው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ አልበም የሚናገር ሰው ሁሉ የሚናገረው ስለ ሁለት ነገሮች ነው፤ ወይ ስለ ሰንጠረዡ ወይ ስለ ፖሊሱ። የሚወደው 10 ይሰጣል፤ የማይወደው 0 ይሰጣል። ሁለቱም አልበሙን ባይሰሙት ኖሮ የሚሰጡት ቁጥር ያው ነበር። ዘፋኙ ከማን ወገን ነው የሚለው ጥያቄ ከተመለሰ በኋላ ጆሮ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል።

በበኩሌ አልበሙን ደብረ ታቦር ላይ ሆኜ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። በውስጡ «አጼ ቴዎድሮስ» የሚል ዘፈን አለ። እኛ የምንማረው ንጉሡ በከተሙበት አገር ነው፤ ሴባስቶፖል የተሠራበት ጋፋትም ከዚሁ ከአጠገባችን ነው። ስለዚህ ይህን ዘፈን ሳደምጥ ፈራጅም ተሟጋችም እሆናለሁና ቃሌን በጥንቃቄ ያዙልኝ። ዜማው ከፍ ያለ ነው፤ የሚያስለቅሰውም ሰው እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ዘፈኑ ንጉሡን ከፍ አድርጎ ሲያከብር ሰውየውን ያርቅብናል። ጋፋት ላይ የውጭ አገር አንጥረኞችን ሰብስቦ መድፍ ያሠራውን፣ ያን መድፍ በዚህ ገደል ሁሉ እስከ መቅደላ ያስጎተተውን፣ በየደረሰበትም ያስፈራውን ሰው አላገኘሁበትም። «ማር እስከ ጧፍ» ግን ሌላ ነው። ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተነሣ ነው፤ ግን መጽሐፉን አይተርክልንም። አንባቢው በልቡ የያዘውን ሐዘን ቀስቅሶ በራሱ ቋንቋ ይናገራል። ለዚህ ለአንዱ ዘፈን 9 እሰጣለሁ። ለአልበሙ በሞላው ግን ከ7 አልዘልም፤ ግጥሙ እጅግ ተደክሞበት ሳለ ቅንብሩ አንዳንድ ቦታ በለመደው መንገድ ብቻ ይሄዳልና። 10 የሰጠውም 0 ያደረገውም ወንድሜ ይህን ሊቃወም ይችላል። ሲቃወም ግን በየትኛው ዘፈን፣ በየትኛው ቦታ ላይ እንደ ሆነ ይንገረኝ።

ስለ «ኤርታሌ» 4 የሰጡት ጓደኞቼ «ሮክ የፈረንጅ ጩኸት ነው» አሉ። ከሮክ ምን ያህሉ የፈረንጅ እንደ ሆነ መጀመሪያ መነጋገር ይገባ ነበር። የሮክ ጊታር ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ የወረሰው በአምስት ድምፅ የሚሄድ ስልት አለው። የእኛም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ድምፆቹ አንድ ናቸው አላልሁም፤ ጎረቤት ናቸው ግን። ጃኖዎች ያደረጉት በዚህ ጉርብትና መነጋገር ነው። አልበሙን ያዘጋጀው ቢል ላስዌል የሚባለው አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» ያዘጋጀው ሰው መሆኑ ነው። ሁለቱን አልበሞች ጎን ለጎን ያደመጠ አንድ ነገር ያስተውላል። በ«ጂጂ» ላይ እንደ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ያሉ የጃዝ ታላላቆች ገብተውበታል፤ ሆኖም ከልጅቱ ድምፅ ፊት አይቆሙም። ስለ ዋሽንት ነፊው የዘፈነችውን ስሰማ በአንበሳሜ ሜዳ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ይታየኛል እንጂ የኒው ዮርክ ስቱዲዮ አይታየኝም። በ«ኤርታሌ» ግን ጊታሩ ከፊት ቀድሞ ይሄዳል፤ ድምፃውያኑ ሊደርሱበት ይሮጣሉ። አንዳንዴ ይደርሱበታል፤ ያን ጊዜ ደስ ይላል። ሳይደርሱበት ሲቀሩ ደግሞ 4 የሰጡት ጓደኞቼ ጥቂት እውነት አላቸው። 6 ብያለሁ። «ጂጂ»ን ማርክ አልሰጠውም፤ የማርክ መስጫ መስፈሪያዬ እሱ ነውና።

ሌላው የዘመናችን መስፈሪያ ቁጥር ነው፤ በዩቲዩብ ስንት ሚሊዮን ሰው አየው የሚለው። በዚህ ላይ ብዙ ቀለም አላጠፋም። ቁጥሩ ስንት ሰው እንደ ከፈተው ይናገራል፤ ስንት ሰው በመካከሉ እንደ ዘጋው፣ ስንት ሰው ሠርግ ቤት ከፍቶት ጠጅ ሲቀዳ እንደ ነበረ ግን አይናገርም።

ከዚህ ይልቅ ስለ አንድ ካሴት ልንገራችሁ። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንን ከኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋራ ያጣመረ ካሴት ሠራ። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጦ ተረሳ። ኃይሉም በዋሽንግተን አካባቢ የታክሲ ሾፌር ሆነ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ በመኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴቱን ከአንድ ካሴት ቤት ገዛው። የት ከተማ ነው ቢሉ፣ ባሕር ዳር! በሐሙሲት በኩል በሚኒባስ የምንመላለስበት ባሕር ዳር። ሰውየው ወስዶ አዳመጠ፤ ኃይሉን ፈልጎ አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2013ም አልበሙ እንደ ገና ታተመ። ኃይሉ በዓለም መድረኮች እየተዘዋወረ መጫወት ጀመረ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

ያ ካሴት ከመደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ስንቶቻችን አባቶች፣ ስንቶቻችንስ ታላላቅ ወንድሞች በዚያ ቤት በር አልፈዋል? ሺምኮቪትዝ ከእነርሱ የሚበልጥ የአማርኛ ጆሮ አልነበረውም። ቃሉን እንኳ አይሰማም። ግን ከፍቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ይህን ባስብሁ ቁጥር ደስታና እፍረት አብረው ይመጡብኛል። ዛሬም በስልካችን ውስጥ የተቀበረ፣ ሁለት መቶ ሰው ብቻ የከፈተው ሥራ እንዳለ አልጠራጠርም። የሚያወጣልን ማነው? ደግሞ አንድ ፈረንጅ እስኪመጣ እንጠብቅ?

አንድ ነገር ልጨምር። በካሴት ዘመን ከሽፋኑ ጋራ የታጠፈች ወረቀት ነበረች፤ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደ ሆነ የምትናገር። አያ ዘንድ በካርቶን የተቀመጡ አሉና አይቻቸዋለሁ። አሁን ዘፈኑ በፍላሽና በሜሞሪ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚከተለው የዘፋኙ ስም ብቻ ነው፤ አንዳንዴም እሱ ይቀራል። ኤልያስ መልካን የመሰለ አቀናባሪ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲሞት ብዙ ተማሪ «እሱ ማን ነበር?» ብሎ ጠይቋል። የጠየቀው ልጅ በልጅነቱ በኤልያስ ቅንብር ሲጨፍር ያደገ ነው። ኤልያስ ከጓደኞቹ ጋራ ሆኖ ሙዚቃ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥበትን «አውታር» የተባለ መተግበሪያ ለማቋቋም የደከመው፣ የሠራው ሰው ስሙም ዋጋውም እንዳይጠፋበት ነበር። እኛ ደግሞ ቅንብሩን ማን እንደ ሠራው ሳናውቅ «ቅንብሩ ደካማ ነው» እንላለን።

እንግዲህ በማኅበራችን ስም ሳይሆን በራሴ ስም የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። ከምግብ አዳራሹ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ትናንት ማታ እኔው ራሴ ቀድጄዋለሁ፤ የተቆጣ ካለ ዶርሜን ያውቃል። በሚመጣው ቅዳሜ ከራት በኋላ በመዝናኛ ክበቡ «ኤርታሌ»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሰማለን። በመካከሉ መዝለል የለም። ከዚያ በኋላ ማርክ መስጠት የሚፈልግ ሁሉ ከቁጥሩ ሥር ቢያንስ አምስት መስመር ምክንያት ይጻፍ፤ ስሙንም ይፈርምበት። በሚቀጥለው ቁጥር የእኔን 6 የሚያፈርስ ጽሑፍ ከመጣ ከእኔ ጽሑፍ በፊት እንዲወጣ አዘጋጁን ለምኜዋለሁ፤ እሺ ብሎኛል። መምህራኖቻችንም ቢመጡ ደስ ይለናል፤ በተለይ በሸክላ ዘመን ያደጉት።

ስፒከሩን ከእኔ ዶርም የወሰደው ወንድሜ እስከ ዐርብ ይመልስልኝ።