በአንድ ጣት አሳዪኝ

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ስፖርት ነው ብላችሁ «ሲስተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ታገሱኝ፤ ዞሮ ዞሮ ወደ አጥንት እመለሳለሁ።

እሁድ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከሚኖሩት ልጄና ቤተሰቧ ጋር በቪዲዮ እንገናኛለን። እኔ እራት በልቼ፣ እነሱ ቁርስ ላይ ሆነው። የልጅ ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በትምህርት ቤቷ የአገር አቋራጭ ሩጫ ቡድን ውስጥ አለች። ውድድራቸው በነሐሴ ተጀምሮ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ያልቃል። ሲያልቅ እያንዳንዱ ልጅ የዓመቱን ውድድር ወደ ኋላ ተመልክቶ አንድ ገጽ ጽፎ ያስረክባል። የእሷ ወረቀት ባዶ ነበር። «እማማ፣ ምን ልጻፍ? ሦስቴ ሮጥኩ፣ ከዚያ ተቀመጥኩ» አለችኝ። ቀኝ እግሯ እስከ ጉልበቷ በድጋፍ ጫማ ታስሮ ወንበር ላይ ተሰቅሏል።

እሷ ልትጽፍ የፈለገችው እንደ ሌስሊ ፓተርሰን ያለ ዓመት ነበር። ሌስሊ ስኮትላንዳዊት ናት፤ ስፖርቷ ኤክስቴራ ይባላል። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ያለ እረፍት የሚከታተሉበት ትራያትሎን ነው፤ ግን አስፋልት የለውም። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይዋኛሉ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል በተራራ ብስክሌት በጭቃ፣ በድንጋይና በዛፍ ሥር መካከል ይጋልባሉ፣ ከዚያ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል በጫካ መንገድ ይሮጣሉ። ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በ2012 እና በ2018 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች።

ልጆቹ አፍ ውስጥ የገባው ታሪኳ ግን ሌላ ነው። ሌስሊ የፊልም ጽሑፍም ትጽፋለች። ከጓደኛዋ ጋር ሆና የኤሪክ ማሪያ ሬማርክን የአንደኛው ዓለም ጦርነት ልቦለድ ወደ ፊልም ለመለወጥ መብቱን ይዛ ነበር፤ መብቱ እንዳያመልጣቸው በየጊዜው መክፈል ነበረባቸው። አንድ ጊዜ ገንዘብ ሲያጥራቸው ኮስታሪካ ላይ ውድድር ነበር፤ የሽልማቱ ገንዘብ ዕዳውን ይሸፍናል። በዋዜማው ከብስክሌት ወድቃ ትከሻዋ ተሰበረ። በማግሥቱ በአንድ እጇ ዋኘች፤ አሸነፈችም፤ መብቱም ተከፈለ። ፊልሙ በ2022 ወጥቶ አራት ኦስካር ወሰደ፤ እሷም ለጽሑፉ ለኦስካር ታጨች።

እኔም ስሰማው አጨብጭቤያለሁ፤ አልዋሽም። ሆኖም ነርስነቴ ጡረታ አልወጣም መሰለኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ሆዴን አሳከከኝ። ሌስሊ ትልቅ ሰው ናት፤ የምታጣውንና የምታገኘውን አስልታ ገባች። የወደቀ ትከሻ ደግሞ ለሁሉም ይታያል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከዚህ ታሪክ የምትወስደው አንድ ነገር ነው፦ ጀግና አመመኝ አይልም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህንን ከሌስሊ በፊት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መስከረም መግቢያ ላይ «እማማ፣ ስሮጥ ቅልጥሜን ያመኛል» ብላኝ ነበር። ስንት ዓመት ነጭ ለብሼ የሠራሁ ሰው ምን አልኩ? «እናትሽ በቅባት ታሽልሽ፣ በርቺ የእኔ ጀግና!» አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ በውድድር መሃል ቆመች። የመጀመሪያው ራጅ ምንም አላሳየም፤ ኤምአርአይ ሲነሳ ነው የቅልጥሟ አጥንት መሰንጠቁ የታየው። ይህ አያስገርምም፤ ከድግግሞሽ ብዛት የሚመጣ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይታይ ይችላል። «ራጁ ደህና ነው» ተብላችሁ ሕመሙ ከቀጠለ ተመልሳችሁ ሂዱ።

ወረቀቷን ያዳነልን አማቼ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የተራራ ብስክሌት ይነዳል፤ ከኤክስቴራ ሰዎች ደግሞ የሚያደንቀው ፍሎራ ደፊን ነው፤ በአቅራቢያቸው ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ተምራለችና የሰፈሩ ልጅ ያደርጋታል። ፍሎራ የቤርሙዳ ልጅ ናት፤ አገሯ በሕዝብ ብዛት የእኛን አንድ ክፍለ ከተማ አታክልም። በሃያ ዓመቷ ቤጂንግ ኦሎምፒክ ገብታ ውድድሩን አልጨረሰችም። ከዚያ ስፖርቱን እርግፍ አድርጋ ተወችው፤ የተመለሰችው ቆይታ ነው። ከ2014 እስከ 2017 በተከታታይ አራት ጊዜ ሃዋይ፣ ማዊ ደሴት ላይ የኤክስቴራ ዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

አማቼ ግን «የ2019ን ዓመቷን ስሚ» አላት ልጁን። በ2018 ሚያዝያ የኮመንዌልዝ ወርቅ ወስዳ፣ እዚያው ወር አገሯ ላይ በወገኖቿ ፊት አሸንፋ፣ እግሯን ተጎዳች። ከአንድ ዓመት በላይ ከውድድር ራቀች፤ የ2018 የማዊ ዋንጫም ለሌስሊ ሆነ። በ2019 ጸደይ ላይ «የዓመትሽን ውድድር ጻፊ» ብትባል የእሷም ወረቀት ባዶ ነበር። ነሐሴ ላይ ቶኪዮ የኦሎምፒኩ ሙከራ ውድድር ላይ ብቅ አለች። ሁለት እንግሊዛውያት እጅ ለእጅ ተያይዘው ከፊቷ ገቡ። በዚህ ስፖርት ሆን ብሎ እኩል መግባት ክልክል ነውና ሁለቱም ተሰረዙ፤ ሦስተኛ የገባችው ፍሎራ አንደኛ ተባለች። (ልጄ «ምስኪኖች!» ብላ አዘነችላቸው፤ እኔም።) ጥቅምት ላይ ማዊ ሄዳ አምስተኛ ዋንጫዋን አነሳች። በ2021 ደግሞ ክረምት ላይ ቶኪዮ የኦሎምፒክ ወርቅ፣ ለቤርሙዳ በታሪኳ የመጀመሪያው፤ ከዚያ የዓለም ሻምፒዮንነት፤ ታኅሣሥ ላይ ስድስተኛው የማዊ ድል።

የልጅ ልጄ ዝም ብላ ሰማችና «ያን ሁሉ ጊዜ ስትቀመጥ ሰው አልረሳትም?» አለች። ለካ የፈራችው ይህን ነበር። እግሩማ ይድናል። ቡድኑ እሷን ትቶ እንዳይሄድ ነው። አባቷ ቶሎ መልስ አላገኘም፤ እኔም አላገኘሁም። እናቷ ናት «እኛ አለን» ብላ ፓንኬኩን ያቀረበችላት።

አሁን ወደ አጥንቱ ልመለስ። ሐኪሟ ስለ ምግቧና ስለ ወር አበባዋ ሲጠይቃት እናቷ ደንግጣለች፤ «እግሯን አመጣሁት፣ ይህ ምን አገናኘው?» ብላ። በደንብ ይገናኛል። ብዙ የምትሮጥና የማይበቃት የምትበላ ልጅ ሰውነቷ ቁጠባ ይጀምራል፤ የወር አበባ ይዛባል ወይም ይቀራል፣ አጥንት ይሳሳል። ይህ ደግሞ አጥንት ለዕድሜ ልክ የሚያከማችበት ዕድሜ ነው። በእኛ ቤት «ሯጭ ስለሆነች ነው» ተብሎ የሚታለፈው የወር አበባ መቅረት ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ምልክት ነው።

ልጂቱ ፍልሰታን ከእናቷ ጋር ጾማለች፤ ልምምዱ የሚጠነክረውም በዚያው ሳምንት ነው። ጾም ይቅር የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም፤ እኔም ጿሚ ነኝ። ግን ጠዋት ሮጣ እስከ ከሰዓት ባዶ ሆዷን የቆየች ልጅ ማታ አንድ እንጀራ በሽሮ አይመልሳትም። የንስሐ አባትን ማማከር ነውር የለውም። የጾሙን ገበታ ማወፈርም ይቻላል፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሰሊጥ፣ ጎመን፣ ለውዝ፤ ደግሞም ደጋግሞ።

እረፍቱንም እወቁት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ልጆች በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ በዓመት ደግሞ በድምሩ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ከሚያዘወትሩት ስፖርት እንዲያርፉ ይመክራል። እዚህ እኛ ጋ፣ ጎሕ ሳይቀድ ልጆቻቸውን ይዘው መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ የሚያስሮጡ አባቶችን አያለሁ። ደስ ይለኛል። እሁድንም ቢተዉላቸው ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።

እኔ መስከረም ላይ መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ ቀላል ነበር፦ «የሚያምሽን በአንድ ጣት አሳዪኝ።» ልጅ ቅልጥሙን በመዳፉ ከላይ እስከ ታች ካሻሸ ብዙ ጊዜ የጡንቻና የጅማት ድካም ነው። አጥንቱ ላይ አንዲት ነጥብ በጣቱ ጫፍ ካሳየ፣ ስትነኩት ከዘለለ፣ ሲሮጥ ከባሰበት፣ በተለይም ሌሊት ካመመው፣ ሩጫው ዛሬውኑ ቆሞ ሐኪም ይየው። የጣቱ ነገር ምርመራን አይተካም፤ በር ያስከፍታል እንጂ።

ባለፈው እሁድ ወረቀቷን አነበበችልኝ። ስለ ሦስቱ ውድድሮች አራት መስመር ብቻ ጻፈች፤ ቀሪው ከዳር ቆማ ለጓደኞቿ ሰዓት ስለያዘችባቸው ቅዳሜዎች ነው። መጨረሻው ላይ እኔም አለሁበት፤ «አያቴ ነርስ ናት፣ እሷም ተሳስታለች» ይላል። አስተካክይው ልላት ነበር፤ ተውኩት። የድጋፍ ጫማው ወልቋል፤ ዶክተሯ ለጊዜው ዋና ብቻ ፈቅዶላታል። «እስኪ እግርሽን» አልኳት። ስልኩን ወደ ታች አዘነበለችው፤ ጣቷን ቅልጥሟ ላይ አሳረፈች፣ ተጫነችው፣ ፊቴን አየችና ሳቀች።