ጀጎልን ማን ይለካት?

ወገን፣ ስማርት ሲቲ የሚሉት ነገር መጥቷል። ከኮሪደር ልማቱ ጋር በየከተማው ካሜራ ነው፣ መብራት ነው፣ ዲጂታል አገልግሎት ነው ወሬው። ሐረርም አልቀረችም። እኔ ቴክኖሎጂ ጠል አይደለሁም፤ የተመረቅኩትም በካርታ ሥራና በጂአይኤስ ነው (ሥራ ያጣሁበት ዲግሪ እሱው ነው)። ግን ጀጎልን በተመለከተ ሳይጠየቅ እየታለፈ ያለ ነገር አለ። ስለ ቅርሳችን የሚሰበሰበው መረጃ በማን እጅ ይሆናል?

አንድ ቀን ለሙከራ ብዬ ከመኪና ግርግር ወደ ኤረር በር የስልኬን ካርታ ተከትዬ ሄድኩ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ካርታው በሰው ግድግዳ ውስጥ ሂድ አለኝ። ቆሜ ስልኬን ሳገላብጥ አንድ የሰባት ስምንት ዓመት ልጅ አይቶኝ «ወንድም፣ ጠፋህ እንዴ?» አለና እየሳቀ መራኝ። 368 መተላለፊያ አላት ይባላል ጀጎል። ልጁ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ካርታ ስልኬ ውስጥ የለም።

ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ግንቡንና አምስቱን በሮች ብቻ አይደለም ያየው። 82 መስጊድ፣ 102 አድባራትና መካነ መቃብር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሐረሪ ቤት። ነደባው፣ በቀይ አፈር የተቀባው ወለል፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረው ሳህንና ሙዳይ። ይህ ሁሉ ያለው በግለሰብ ቤት ውስጥ ነው። ሰው ይኖርበታል፣ ይወለድበታል፣ ሲፈርስበትም ይጠግነዋል። አቅም ያጣ ሰው ደግሞ የሚጠግነው ባገኘው ነው፤ በሲሚንቶ። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ሲለጠፍ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ግድግዳውም ከውስጥ ይበላል። ከውጭ ሲያዩት ቤቱ አዲስ ይመስላል። ይህንን የትኛው የመንገድ ካሜራ ያየዋል? ካሜራ ሌባ ያያል እንጂ እርጥበት አያይም።

ለእኔ ስማርት ማለት እያንዳንዱ ቤት ፋይል ሲኖረው ነው። ልኬቱ፣ ፎቶው፣ መቼ በምን እንደተጠገነ፣ ስንጥቁ በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሰፋ። ፓሪስ ላይ ኖትር ዳም በ2019 እ.ኤ.አ. ሲቃጠል፣ አንድሩ ታሎን የሚባል የታሪክ ምሁር ቀደም ብሎ ሕንጻውን በሌዘር ለክቶት ስለነበር መልሶ ግንባታው የሚነሳበት ነገር አገኘ። እኛስ? በጦርነቱ አል-ነጃሺ መስጊድ ተመትቶ አይተናል። «እኛ ጋ አይደርስም» የሚባል ነገር የለም።

ላሊበላን በሌዘር የለካው ከደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የመጣው የዛማኒ ቡድን ነው። አመሰግናለሁ፣ የአፍሪካ ወንድሞች ናቸው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍቶቻችን በማይክሮፊልም ሲነሱም አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ሚኒሶታ አሜሪካ ሄደ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ያ ሥራ ብዙ ጠቅሟል፤ ግን ዛሬ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የአያቱን መጽሐፍ ለማየት የሚኒሶታን ድረ ገጽ ነው የሚከፍተው። መቅደላ ላይ ዋናውን በዝሆን ጭነው ወሰዱት። አሁን ዝሆን አያስፈልግም፣ ፍላሽ ይበቃል።

ስለዚህ ውል ሲፈረም ውሉ ይታተም። ሰርቨሩ የት ነው? መረጃው ላይ የመጨረሻ ቃል ያለው ማን ነው፣ ክልሉ፣ የቅርስ ባለስልጣን ወይስ ኩባንያው? ቅርስ እንዲመዘገብ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ካዘዘ ሃያ ዓመት አልፎታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ወጥቷል። ጀጎል ውስጥ የምትኖር እናት ጓዳዋ በሌዘር ሲለካ ፈቃዷ መጠየቅ አለበት፣ ቅጂውም ለእሷ መሰጠት አለበት። ቱሪስት ስልኩ ላይ ከፍቶ የሚጎበኘው የእሷን መኝታ ቤት ነውና።

«ባለሙያ የለንም» እንዳትሉን። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ማንንም ሳይጠብቁ በራሳቸው ገንዘብ የሐረርን መጻሕፍት፣ ሳንቲምና ጌጣጌጥ ሲሰበስቡ፣ የጠፋውን የመጽሐፍ ድጉሰት ጥበብ ራሳቸው ተምረው ሲጠግኑ ማን ባለሙያ ላከላቸው? ዛሬ ሙዚየማቸው የከተማዋ ኩራት ነው። በየዓመቱ ከሐረማያና ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ ስንት ሰርቬየር፣ ስንት የኮምፒውተርና የታሪክ ተማሪ አለ? ግማሹ ጀበና ቡና ላይ ቁጭ ብሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይጠብቃል። ሃያ ልጅ ከነዚህ፣ ሃያ ልጅ ደግሞ ከጀጎል ውስጥ፣ ነደባውን በስሙ የሚያውቅ፣ አዛውንቶቹን በቋንቋቸው የሚያናግር። አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጠይቃል። ከካሜራው ዋጋ በላይ አያስወጣም።

ጀጎል የሐረሪዎች ቤት ናት፣ የሁላችንም ማዕረግ ናት። ጨረታው ሳይወጣ ነው መናገር ያለብን፤ ከወጣ በኋላማ «ተፈርሟል» ነው መልሱ።

እስከዚያው ሐረር ያላችሁ ልጆች፣ እቤት ያለውን የድሮ ፎቶ አውጡ። አያቶቻችሁን ጠይቁና ከጀርባው ዓመቱን፣ ሰፈሩንና የማን ቤት እንደሆነ በእርሳስ ጻፉበት።