ሞተሩ ሞተ እንጂ መኪናው አልሞተም

በአገራችን አንድ አሮጌ መኪና ጭስ ማብዛት ሲጀምር ባለቤቱ ሳይጠይቅ መካሪው ይበዛል። ጎረቤት «ሽጠህ ተገላገል» ይለዋል፤ ደላላ «ገዢ አለኝ» ይለዋል፤ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ደግሞ በስልክ «ለዚህ አሮጌ ገንዘብ ማፍሰስ እብደት ነው» ይለዋል። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር «ሞተሩ ካለቀ መኪናው አለቀ» የሚለው ፍርድ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ፍርዱን ለመቃወም ነው። ምክሩ ስሕተት ነው፤ ከስሕተትም አልፎ ብዙ ቤተሰብን በእጁ ካለው የሚያራቁት ምክር ነው።

ሞተር የመኪና አንድ ክፍል ነው። ትልቅና ውድ ክፍል መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን በብሎን ታስሮ የገባ፣ በብሎን ተፈትቶም የሚወጣ ክፍል ነው። የመኪናን ዕድሜ የሚወስነው አካሉ ነው፤ ሻንሲው፣ ወለሉ፣ ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች። ሻንሲው ተሰንጥቆ የተበየደ፣ ወለሉ በዝገት ተበልቶ በላሜራ የተደፈነ፣ በግጭት ተጣሞ በመዶሻ የተቃና መኪና ሞተሩ አዲስ ቢሆንም አልቋል። አካሉ ጤነኛ የሆነ መኪና ግን ሞተሩ ቢሞትም በሕይወት አለ። ስለዚህ «ሞተሩን ልቀይር ወይስ መኪናውን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ መመልከት ያለበት ከኮፈኑ ሥር ሳይሆን ከመኪናው ሆድ ሥር ነው።

«እዚህ ቢሆን ይህ መኪና ከተጣለ ስንት ዘመኑ» የሚሉኝ ባሕር ማዶ የሚኖሩ ወዳጆቼ እውነታቸውን ነው። በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ይነሰነሳል፤ ጨውም የመኪናውን ሆድ ይበላዋል። ሞተሩ ገና ሳይደክም አካሉ ይቀድመዋል። የመካኒክ የአንድ ሰዓት ክፍያ ውድ ነው፤ ያረጀ መኪና ደግሞ ርካሽ ነው። በዚህ ላይ ሞተር መቀየር መኪናው ከሚያወጣው ዋጋ በላይ ሊያስከፍል ይችላል። የእነርሱ ስሌት ለእነርሱ ልክ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ስሌቱን ከነመልሱ ወደ አዲስ አበባ ስናስገባው ነው። በከተማችን መንገድ ላይ ጨው የሚነሰንስ የለም። የእጅ ዋጋ ከመኪና ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ያረጀ መኪናም እዚህ ርካሽ ሆኖ አያውቅም። ሦስቱ መነሻዎች ሁሉ ተገልብጠው ሳለ መልሱ እንዴት ሳይለወጥ ይቀራል?

የመኪና ዋጋ ሰማይ የነካበትን ምክንያት አንባቢ አያጣውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር በዶላር ፊት ዋጋውን በእጅጉ አጣ። እነዚህ ሁሉ በተከታተሉበት አገር «ሽጠህ ሌላ ግዛ» ማለት በቀላሉ የሚወረወር ቃል አይደለም። የማውቀው አንድ ሰው ይህን ምክር ሰምቶ አሮጌ መኪናውን ሸጠ፤ ገንዘቡን ይዞ የጎደለውን እስኪሞላ ሲጠብቅ ዋጋው ጥሎት ሄደ። ዛሬ መኪናም የለው፣ የመኪና ዋጋም የለው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው።

ደላሎች የሚሰጡን መለኪያ ደግሞ «የሞተሩ ወጪ ከመኪናው ዋጋ ግማሽ ከደረሰ ተወው» የሚል ነው። ይህ መለኪያ አንድ ነገር ይሸሽጋል። ትክክለኛው ጥያቄ «አሮጌውን በሸጥኩበት ላይ የሞተሩን ወጪ ጨምሬ ምን ዓይነት መኪና አገኛለሁ? ያንንስ መኪና ምን ያህል አውቀዋለሁ?» የሚለው ነው። በአብዛኛው የሚገኘው ሌላ ያገለገለ መኪና ነው። ሰው ደግሞ መኪናውን የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ሲሰማው ነው። የራሴን በሽታ አውቃለሁ፤ የሌላውን በሽታ በውድ ዋጋ የምገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

እኔ የምነዳት ቶዮታ ዲኤክስ ናት፤ ያችው አዲስ አበባ ከልጅነታችን ጀምሮ የምታውቃት፣ በኋላ ጎማዎቿ የምትገፋ ኮሮላ። ሞተሯ ፎር ኬ የሚባለው 1290 ሲሲ ነው። ዘይት መብላት ስትጀምር ከላይ የጠቀስኳቸው መካሪዎች ሁሉ መጡ፤ አንዳቸውም ግን በሽታው ምን እንደሆነ አልጠየቁም። ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ይናገራል፤ እርሱ የካርቡራተር ጉዳይ እንጂ የሞተር ሞት አይደለም። የማይቋረጥ ነጭ ጭስ የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል፤ ጥፋቱም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው፤ ነገር ግን ጠዋት ሲነሣ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ ያረጁት ብዙውን ጊዜ በቫልቮቹ ላይ ያሉት ትንንሽ የዘይት መከልከያ ጎማዎች ናቸው። በእነዚህ ጎማዎች ምክንያት ስንት ደኅና ሞተር ተጥሎ ይሆን?

ቁርጡን የሚናገረው ልኬት ነው። ካንዴላዎቹ ይወጡና የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት ይለካል። ዝቅ ያለ ከተገኘ ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ግፊቱ ከፍ ካለ ያለቁት የፒስተኑ ቀለበቶች ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ናቸው፤ ካልተለወጠ ጥርጣሬው ወደ ቫልቩና ወደ ጓርኒሲዮኑ ይዞራል። በእኔዋ ላይ አራቱም ሲሊንደሮች ዝቅ ብለው፣ ዘይት ሲጨመርባቸው ከፍ አሉ። ሞተሯ በእርግጥ አልቋል። ከዚያ ወደ ላይ ተሰቅላ ሆዷ ታየ፤ ወለሏ በጥፍር ተንኳኩቶ ደኅና ነው፣ የመሪዋ ማሰሪያዎች ደኅና ናቸው። ውሳኔው ያኔ ተወሰነ፤ የሚቀየረው ሞተሩ ነው። ከሶማሌ ተራ የሚገዛው ያገለገለ ሞተርም ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት በዚያው መለኪያ ይፈተናል፤ ቁጥሩም በሊብሬው ላይ በሕግ ይሰፍራል። ሳይመዘገብ የገባ ሞተር በሽያጭ ቀን ባለቤቱን ያዋርዳል።

ተቃዋሚዎቼ ሁለት ብርቱ ነጥብ አላቸው። አንደኛው «አሮጌ መኪና ከተማውን በጭስ ያፍናል» የሚል ነው። ልክ ነው፤ ግን የሚያፍነን ያለቀው ሞተር ነው፤ መልሱም ሞተሩን ማዳን ወይም መለወጥ እንጂ እያጨሰ ለሌላ ድኻ መሸጥ አይደለም። የተሸጠ ጭስ ጭስነቱን አይተውም። ሁለተኛው «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» የሚል ነው። አቅሙ ላለው መልካም፤ እኔም አልጠላም። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪና ውዱ ክፍል ባትሪው ነው፤ ባትሪው የደከመ ቀን «ባትሪውን ወይስ መኪናውን?» የሚለው ጥያቄ ዞሮ ይመጣል። መጠገንን የናቀ ትውልድ ያን ቀን ምን ይመልሳል?

ሦስተኛው ምክንያት ግን አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። ሠርግ ሲጠራ አሮጌ መኪናውን ሁለት መንደር ርቆ የሚያቆም ሰው አይቻለሁ። መኪናው አላሳፈረውም፤ እርሱ ግን በሰው ዓይን ሒሳቡን አስረከበ። ዕዳ የገባ ቤት የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ሲያዘገይ የሠርጉ ታዳሚ አብሮት አይከፍልም።

ሙግቴ ግን ገደብ አለው፤ ገደቡንም እንደ ሙግቴ በብርቱ እይዘዋለሁ። አካሉ ለበሰበሰ መኪና አዲስ ሞተር መግጠም ማዳን አይደለም፤ ለደካማ አካል የበለጠ ፍጥነት መስጠት ነው። ይህ በተለይ አሥራ ሁለት ሰው አሳፍሮ ቁልቁለት በሚወርድ ሚኒባስ ላይ ሲሆን ጉዳዩ የባለቤቱ ኪስ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ወለሉን በላሜራ ሸፍኖ፣ ቀለም ቀብቶ፣ «ሞተሩ አዲስ ነው» እያለ የሚሸጥ ሰው የሚነግደው በሰው ነፍስ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ተፈትቶ ደኅና ደኅና ዕቃው ለሌሎች መድኃኒት ይሁን፤ አካሉም ወደ ብረት ማቅለጫ ይሂድ።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ መኪናዎ ማጨስ የጀመረ ዕለት ደላላ ከመጥራትዎ በፊት ግፊቱን ያስለኩ፤ ከሥሩም ገብተው ይዩ። አካሉ ከሞተ አይዘኑለት፣ ለሌላም አያሸክሙት። አካሉ ካለ ግን ሞተሩን ይቀይሩና ይንዱት፤ «አሮጌ» የሚልዎትንም ሰው «የአንተው የስንት ዓመት ዕዳ አለበት?» ብለው ይጠይቁት።