የኋላው ፍሬን ለምን ቀድሞ ያልቃል?

«ዲስኩ ተጣሟል፤ መቀየር አለበት።» ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ መኪና ይዞ ይህችን ፍርድ ያልሰማ ሐበሻ ካለ፣ ወይ መኪናው ገና አዲስ ነው፣ ወይ በሜትሮ ነው የሚመላለሰው። ፍርዷ አጭር ናት፤ ይግባኝም የላትም። እኔን የሚያናድደኝ የምታስከፍለው ብር አይደለም። ያው መኪና ከዓመት በኋላ እዚያው ጋራዥ ገብቶ፣ ለዚያው ጎማ ያችኑ ፍርድ መስማቱ ነው። በዚያ ላይ የኋላው ጎማ!

የኋላው መሆኑ የሚያስገርምበት ምክንያት አለ። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይደፋል፤ ስለዚህ ከማቆሙ ሥራ ሰባ በመቶውን ያህል የሚሸከሙት የፊት ፍሬኖች ናቸው። አገር ቤት መንዳት የተማረ ሁሉ የሚያውቀው ሒሳብም ይኸው ነው፤ የፊቱ ሸራ ሁለቴ ሳይቀየር የኋላውን የሚነካው የለም። ዛሬ ግን ልጆች ትምህርት ቤት የሚመላለሱበት፣ ከኮስትኮ እስከ ቤተ ክርስቲያን የሚዞር ተራ የቤተሰብ መኪና ተፈትቶ ሲታይ፣ የፊቱ ሸራ ደህና ሆኖ የኋላው ብረት ለብረት ሊፋጭ ተቃርቦ ይገኛል።

የተለወጠው ኮምፒውተሩ ነው። ፍሬን ስንረግጥ የመኪናው አፍንጫ እንዳይደፋ፣ ኮምፒውተሩ ለኋላው ከድሮው የበለጠ ሥራ ያከፋፍለዋል። መኪና ሲንሸራተት አንዱን ጎማ ለብቻው እየያዘ የሚያቃናው ሥርዓት ደግሞ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በሚሸጡ ቀላል መኪኖች ሁሉ ግዴታ ሆኗል። ከፊት ያለውን መኪና እያየ ፍጥነት የሚቀንሰውም፣ እግራችን ፔዳሉን ሳይነካ ፍሬን ይይዛል። የኋላው ሸራ ግን አሁንም ቀጭን ነው። ዲስኩም ብዙ ጊዜ እንደ ፊተኛው በመሃሉ አየር የሚያልፍበት ሳይሆን ድፍን ነውና ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ሥራ ተጨምሮለት ደመወዝ ያልተጨመረለት ሠራተኛ ሆኗል።

ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ከ2008 እስከ 2010 የተሠሩ የሆንዳ አኮርድ ባለቤቶች የኋላ ፍሬናችን ያለ ጊዜው እያለቀ ነው ብለው ካሊፎርኒያ ውስጥ በጋራ ከሰሱ። ክርክራቸው የፍሬኑ ኃይል ከልክ በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል የሚል ነበር። ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን በ2010 በስምምነት ጨረሰ፤ ባለቤቶቹ ለቅያሪ ካወጡት ገንዘብ ከፊሉን ሊመልስም ተስማማ። አኮርድ እንግዲህ በጥንካሬው የሚታማ መኪና አይደለም። እሱ ላይ ከደረሰ በሌላውም ላይ አይደርስም ብሎ መማል ይከብዳል።

ሆኖም ሁሉን በፋብሪካው ላይ መጫን አልወድም። ካሮል ስሚዝ የሚባል የእሽቅድምድም መኪና መሐንዲስ ነበር፤ በፎርድ ጂቲ40 ዘመን ከካሮል ሼልቢ ጋር የሠራ። ይህ ሰው ተጣሟል የሚባለው ዲስክ በአብዛኛው እንዳልተጣመመ እየደጋገመ ጽፏል። እሱ እንደሚለው፣ የሚሆነው ከሸራው የሚለቀው ቁስ በዲስኩ ፊት ላይ አንዱ ጋ ወፍሮ፣ ሌላው ጋ ሳስቶ መለጠፉ ነው። ቁልቁለት ወርዶ ዲስኩ ግሎ ሳለ መብራት ላይ ፔዳሉን ጥርቅም አድርጎ መቆም እንዲህ ያለውን ልጥፍ ያመጣል። ሰውየው ትንሽ አብዝቶታል የሚሉ አሉ፤ እኔም ፈጽሞ አይጣመምም አልልም። ግን የጋራዡን ፍርድ እንድንጠራጠር ያደርገናልና ውለታው ትልቅ ነው።

«ተጣሟል» የሚያሰኘው ሁለተኛው ምክንያት ዝገት ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አሮጌው ዲስክ ሲወልቅ፣ የተቀመጠበት ሞዞ ላይ በክረምት ጨው የተበላ የዝገት ቅርፊት ይቀራል። መካኒኩ ቅርፊቱን በሽቦ ብሩሽ ሳያነሳ አዲሱን ዲስክ ከላዩ ካሰረው፣ ዲስኩ በጣም በትንሹ ያዘነብላል። የጎማው ዳዶዎች ጥብቀት እኩል ካልሆነም ያው ነው፤ በአየር በሚሠራው መፍቻ ቸኩሎ «ድር-ር-ር» ማድረግ የሚያመጣው ጣጣ ይህ ነው። ያን ቀን ምንም አይሰማም። ነገር ግን ጎማው በዞረ ቁጥር ዲስኩ ያዘነበለበት ቦታ ሸራውን እየነካ ያልፋል። በሺዎች ከሚቆጠር ኪሎ ሜትር በኋላ ያ ቦታ ከሌላው ይሳሳል፤ የውፍረቱ ልዩነት 0.02 ሚሊ ሜትር ያህል ሲደርስ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መኪናው ይንቀጠቀጣል። ይህ ከፀጉር ውፍረት በታች ነው። በዚህ ጊዜ ሥራው ተረስቷል፤ ደረሰኙም ጠፍቷል። ጥፋቱ በርካሹ ዲስክ ላይ ይለጠፋል፤ አዲሱም በዚያው ዝገት ላይ ይታሰራል።

(መንቀጥቀጡ መሪው ላይ ከተሰማችሁ ወደ ፊቱ ጠርጥሩ፤ ወንበራችሁን ከሥር የሚያንገጫግጭ ከሆነ ወደ ኋላው።)

ከሁሉ የሚበዛው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው የካሊፐሩ መንሸራተቻ ፒኖች መድረቅ ነው። ካሊፐሩ በእነዚህ ፒኖች ላይ ወዲያ ወዲህ ካላለ፣ ፒስቶኑ የሚገፋው የውስጡ ሸራ ብቻውን ይሠራል፣ ብቻውን ያልቃል፤ ዲስኩንም በአንድ ወገን ይፍቀዋል። የፊት ጎማዎች የሚረጩትን ጭቃና ጨው የሚቀበለው የኋላው ነውና ፒኖቹ እዚያ ቶሎ ይደርቃሉ። የእጅ ፍሬን ገመድ ሳይለቅ ሲቀርም ውጤቱ ይመሳሰላል። ታዲያ ባትሪ አብርቶ በቸርኬው ቀዳዳ የውጪውን ሸራ አይቶ «ደህና ነው» የሚል መካኒክ ምን አየ ይባላል? ቨርጂኒያ መኪናን በየዓመቱ ማስመርመር ታስገድዳለች፤ ፍሬንም ይታያል። እሱ ደግ ነው። ፒኑን አውልቆ፣ አጽድቶ፣ ለሙቀት የተሠራውን ግሪስ ቀብቶ መመለስ ግን የምርመራው ሥራ አይደለም፤ እኛ ካልጠየቅን ማንም አያደርገውም።

ሙያው ያላቸው ወዳጆቻችን በጓሮ ሲሠሩልን ደግሞ አንድ አደጋ አለ። የእጅ ፍሬኑ በቁልፍ የሚያዝ ኤሌክትሪክ ከሆነ፣ አዲስ ሸራ ለማስገባት የኋላውን ፒስቶን በጉልበት መመለስ የእጅ ፍሬኑን ሞተር ሊሰብረው ይችላል። መጀመሪያ በኮምፒውተር ወይም መመሪያው በሚያዘው መንገድ እንዲለቅ መደረግ አለበት። በሠላሳ ዶላር ሸራ ተጀምሮ በካሊፐር ዋጋ የሚያልቅ ቅዳሜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ዲስኩን ቶርኖ ማስነካት አገር ቤት የተለመደ ነው፤ እዚህ አዲስ ዲስክ መግዛቱ ስለሚረክስ እየቀረ ነው። የሚያስነካ ሰው ግን ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ ውፍረት ያንብብ። ከዚያ በታች የሳሳ ዲስክ ከአባይ በረሃ ቁልቁለት ጋር አይዋደድም።

አገር ቤት ካነሳን፣ አዲስ አበባ ላይ የኋላ ፍሬን ታሪክ ተገልብጧል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነበት ከፈረንጆቹ 2024 ወዲህ ብዙ ዘመድ ኤሌክትሪክ ገዝቷል። የቮልስዋገኑን አይዲ 4 ያየ ሰው የኋላው ፍሬን ታምቡር መሆኑ ይገርመዋል፤ «በዚህ ዘመን?» ብሎ የሚያሾፍም አለ። ፋብሪካው ግን አስቦበት ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን በአብዛኛው የሚቀንሰው በራሱ ሞተር፣ ኃይሉን ወደ ባትሪው እየመለሰ ነው፤ ፍሬኑ የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ሸራ የማይፍቀው ዲስክ ደግሞ ዝናብ ሲመታው ይዝጋል፣ ይቦረቦራል፤ ታምቡር ግን ሥራው ያለው ክዳኑ ውስጥ ነው። የኋላ ዲስክ ያለው ኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ዘመድ ካላችሁ፣ ክረምት ሲገባ አንዳንዴ ከኋላ መኪና በማይከተልበት ሜዳማ መንገድ ማርሹን ፎሌ አድርጎ በፍሬኑ ይቁም። ብዙዎቹ መኪኖች ፎሌ ላይ በሞተራቸው አይይዙምና ዝገቱን ሸራው ይፍቅለታል።