ሞተሩን ሸጠው ስምዎን ጥለው አይሂዱ

መቱ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻና ውል እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። ቡና ተሽጦ እጅ ላይ ብር በሚገባበት ሰሞን ከሁሉ የሚበዛብኝ የሞተር ሳይክልና የባጃጅ ሽያጭ ነው። ከሁሩሙ፣ ከያዮ፣ ከጎሬ፣ ከቡሬ ገዥና ሻጭ ከነደላላቸው ይመጣሉ። በዋጋው ተስማምተዋል፣ ቀብድም ተቀባብለዋል። ስም ማዞሩን መቼ እንደምትጨርሱ አስባችኋል ወይ ስላቸው መልሱ ብዙውን ጊዜ ያው ነው፤ «ውክልና ሰጥቶኛል፣ ይበቃኛል።»

አይበቃም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወካይ ባሰኘው ጊዜ ውክልናውን እንዲሽር ይፈቅዳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል። አንድ አባወራ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ባጃጅ ገዛ፤ በእጁ የቀረው ወረቀት ግን ውክልና ብቻ ነበር። ሻጩ በድንገት አረፈ። ልጆቹ ንብረት ሲቆጥሩ ባጃጇንም ቆጠሩ፤ ሊብሬው የሚለው የአባታቸውን ስም ነዋ! እነዚያን ልጆች ሌቦች ማለት አልችልም። አባታቸው መሸጡን አልሰሙም፤ ያዩትን ወረቀት ነው ያመኑት። ገዥው ደግሞ የገዛውን እንደገና ለመግዛት ያህል ምስክር እየጎተተ ፍርድ ቤት ተመላለሰ።

ሻጭም ቢሆን አመለጥኩ አይበል። የዚያው ሕግ ቁጥር 2081 ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ ሌላ ሰው ቢነዳውም እንኳ። በመቱና በበደሌ መንገድ ላይ አደጋ ቢደርስ ፖሊስ መጀመሪያ የሚያየው ታርጋውን ነው። ከታርጋው ሊብሬው ላይ ወዳለው ስም ይሄዳል። ድሮ ሸጬዋለሁ የሚል ሰው ይህን የሚያስረዳበት ወረቀት ከሌለው ምን ይይዛል?

ሰው ስም ሳያዞር በውክልና የሚቀረው ሞኝ ሆኖ አይደለም። በ1990 የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ለስም ዝውውር ከዋጋው 2 በመቶ ሲያስከፍል ለውክልና ያስቀመጠው 35 ብር ነበር። ክሊራንሱ፣ ግምቱ፣ ምልልሱ ሲጨመርበት ገበሬው በየትኛው በር እንደሚገባ ግልጽ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ በእኛ አገር በጎረቤት መካከል ወረቀት ማብዛት አለመተማመን ተደርጎ ይቆጠራል። አንድ አዛውንት «እሱ ላይ ውል ልጻፍበት? አብሮ አደጌ ነው እኮ!» ብለው ተቆጥተውኛል። እሳቸውና ጓደኛቸው በሕይወት እስካሉ እውነት ነው፤ ወረቀቱ የሚያስፈልገው በሽያጩ ቀን ላልነበሩት፣ ለልጆችና ለሚስት ነው።

የዚህ ንብረት ክብደት የሚታየው የቡናችንን የድሮ ጉዞ ሲያስቡ ነው። ምኒልክ በ1894 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ፈቅደው ነበር። የጎሬ ቡና ቁልቁል በበቅሎ ይወርድና ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። ያን ጊዜ መርከብ ያላቸው ጥቂቶች ነበሩ። ዛሬ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቡና አንድ ሞተር ላይ ነው የሚያርፈው፤ ስለዚህ ባለቤትነቱ በአፍ ብቻ እንዲቀር ዝም ማለት አይገባም።

እኔ ውል ስጽፍ ሊብሬውን ብቻ አይቼ አልገለብጥም። ሞተሩ ዘንድ ወርጄ ከመሪው ሥር አንገቱ ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር ጭቃውን በጨርቅ ጠርጌ አነባለሁ። 17 ፊደልና አኃዝ ነው። የላቲኑ «ኦ» እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ክቡ ምልክት ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ሊብሬው ላይ በዜሮ ፋንታ «ኦ» ተጽፎ ካገኘሁ ሻጩ አስቀድሞ አሳርሞ ይምጣ እላለሁ፣ በኋላ ስም ማዞሪያው ላይ ይታገዳልና። ርክክቡ የተፈጸመበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም እጽፋለሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ተረክቦ 11 ሰዓት ላይ ሰው የገጨ ሰው ሊኖር ይችላል። ያገቡ ከሆኑ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርማሉ።

ይህ ሁሉ ግን ስም ማዞሩን አይተካም። ስለዚህ ለሚመለከታቸው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በእንግሊዝ አገር መኪናውን የሸጠ ሰው ወዲያውኑ ለመዝጋቢው ክፍል ማሳወቅ አለበት። እኛም ጋ ሻጭ ብቻውን ቀርቦ «ሸጫለሁ» ብሎ የሚያስመዘግብበት ቀላል አሠራር በየወረዳው ይከፈት፤ የዝውውሩ ክፍያ ገና ባይፈጸምም። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ታርጋ፣ ሻንሲ ቁጥር፣ የገዥው መታወቂያ፣ ቀንና ሰዓት፣ ፊርማና ማኅተም። ቅጂው ለሻጭም ለገዥም ይሰጥ፣ ገዥው ስሙን እስኪያዞር ድረስም በፋይሉ ላይ ይቀመጥ።