ቁልፉን ያልሰጠሁት ለምንድን ነው?

የእህቴ ልጅ ካኮረፈኝ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ዕድሜው 19 ነው። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ቤት መጥቶ ቡና ጠጣንና፣ «ጋሼ፣ የሞተሩን ቁልፍ ስጠኝማ፤ እስከ ሐይቁ ደርሼ ልምጣ» አለኝ። መንጃ ፈቃድ አለህ ወይ ስለው ከስልኩ ከቨር ጀርባ የሸጎጣትን አዲስ መንጃ ፈቃድ መዥረጥ አደረጋት። እውነተኛ ነች። ማህተሟም ፎቶዋም ልክ ነው። «በምን ሞተር ነው የተፈተንከው?» ብዬ ስጠይቀው ሳቀ።

ያ ሳቅ ነው ይህን ያጻፈኝ። ነገሩን ሲያብራራልኝ፣ ሦስት ቀን ሄዷል። አንድ ሜዳ ላይ ተራ ጠብቆ በትንሽ ሞተር፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ ዞሮ ተመልሷል። በቃ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ አያውቅም። የፊት ፍሬን ይዞ አያውቅም፤ እንዲያውም «እሱን አትንካው፣ ይገለብጥሃል» ተብሏል። ማሰልጠኛውን ስም አልጠራም፤ ችግሩ የአንድ ቤት ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር።

ቁልፉን አልሰጠሁትም። «አንተስ ማን አስተማረህ?» ብሎኝ ወጣ። ጥያቄው ልክ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ልመልስለት።

ሞተሩን የገዛሁት በ2016 ጥቅምት ላይ ነው። ማስታወቂያውን ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነበር፦ ያማሃ ኤክስቲ 600፣ አንድ ሲሊንደር፣ 595 ሲሲ። ረጅም መንገድ ለመሄድ፣ ጠጠሩንም አስፋልቱንም እንዲችል የተሠራ ሞተር ነው። ክብደቱ ከ150 ኪሎ ያልፋል፤ ሞተሩ ደግሞ ከተማችን ውስጥ ከምናያቸው 150 ሲሲዎች አራት እጥፍ ነው። ለጀማሪ ይሄ አይመከርም። እኔም አውቄዋለሁ፤ ግን ፎቶውን ሳይ ከሐዋሳ ዲላ፣ ከዚያም ወደ ይርጋ ጨፌ የሚወስደው መንገድ ታየኝ፤ አለቀ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህን እስክታነቡት ድረስ ያረጃል።

ሻጩ ቤት ስደርስ ሞተሩ ተነስቶ ይንደቀደቃል። እጄን ጠጋ ሳደርግ ማርሚታው ያቃጥላል። አብሮኝ የሄደው ሜካኒክ ጆሮዬ ላይ፣ «ጥፋው በለውና ሻይ ጠጥተን እንመለስ» አለኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ያረጀ ሞተር ሲሞቅ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ እውነቱን የሚናገረው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። ሻይ ብለን ሁለት ሰዓት ቆይተን ተመለስን። ሲነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ አወጣና ተወው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ካላቆመ ትቶ መሄድ ነው። የእኔው አቆመ።

ቀጥሎ ጎማው። ሻጩ የኋላ ጎማውን በኩራት መታ መታ አድርጎ፣ «ብሮ፣ ጎማው አዲስ ነው፤ ቀኑን እየው፣ የ2014 ነው» አለኝ። ጎማው ጎን ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት ቁጥር አለ፦ 2314። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። በ2016 ቆመን 2014 ስንል የሁለት ዓመት ጎማ ነው የሚመስለው። ጎማውን የሠራው ፋብሪካ ግን መስከረም 1 ቀን እንቁጣጣሽ አያከብርም! በእኛ አቆጣጠር ጎማው የተሠራው በ2006 ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ጥርሱ አላለቀም፤ ላስቲኩ ግን ደርቆ ጎኑ ላይ እንደ ክረምት ተረከዝ መሰንጠቅ ጀምሯል። የደረቀ ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ ላያስታውቅ ይችላል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ሳሙና ነው። ሻጩ ሊዋሸኝ የፈለገ አይመስለኝም። እሱም ሲገዛው እንደዚያው ተብሎ ይሆናል። ስልካችሁን አውጡና የጎማችሁን ጎን ፎቶ አንሱት፤ ከዚያ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ።

ሌላው ሁሉ የሜካኒክ ሥራ ነበር። ካቴናው የተሳበበትን ጥርስ አየ፣ የፊቱ ሹካ ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ በጣቱ ጠረገ፣ ፊቱን ከመሬት አንስቶ መሪውን ግራ ቀኝ እያዞረ የኩሽኔታውን ድምፅ አዳመጠ። ደህና ነው።

ወረቀቱ ነው ያደከመኝ። ሻጩ ሊብሬው ላይ ያለው ሰው አይደለም፤ ከሊብሬው ባለቤት ውክልና ከያዘ ሰው የገዛ ሰው ነው። ከመነሻው ሞተሩ ፕሮጀክቱን የጨረሰ አንድ ድርጅት በጨረታ ያወጣው ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ስታገኙ ልባችሁ ሊደሰት ይችላል፣ ምክንያቱም የተመዘገበ ሰርቪስ ይኖረዋል። ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ የገባው ከቀረጥ ነፃ ነበር ወይ? ከነበረ፣ ቀረጡ ተከፍሎ ስም ካልዞረ በቀር ሞተሩን ትነዱታላችሁ እንጂ የእናንተ አይሆንም። ሻንሲ ቁጥሩንም ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። እኔ ከደላላው ጋር ተጨቃጭቄ ስም እስኪዞር ግማሹን ክፍያ ያዝኩ። ስድስት ሳምንት ፈጀ። ደላላው እስከ ዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

እንግዲህ ሞተሩ ግቢ ገባ። እማዬ ወጥታ አየችውና፣ «ይሄን የሬሳ ሳጥን ማን አዘዘህ?» አለችኝና ገባች። የመኪና መንጃ ፈቃድ ከያዝኩ ዓመታት ስላለፉ የሞተሩን ምድብ ለማሟላት እኔም ተፈተንኩ። አዎ፣ እኔም በአንደኛ ማርሽ ቀጥ ብዬ ሄጄ ተመለስኩ። የእህቴን ልጅ ስቆጣው ይህን አልነገርኩትም ነበር። አሁን ያነበዋል።

ያስተማረኝ ያው ሜካኒክ ነው፣ በነፃ፣ እሁድ እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ባዶ ሜዳ ላይ። የመጀመሪያውን እሁድ ሞተሩን አላስነሳሁትም፤ እየገፋሁ ብቻ ሜዳውን አዞረኝ። ክብደቱ የት ላይ እንደሚከዳ ሰውነትህ ይወቀው አለኝ። ሁለተኛው እሁድ ፍሪሲዮን ብቻ፦ ነዳጅ ሳልሰጥ ቀስ ብዬ እየለቀቅኩ በእርምጃ ፍጥነት መሄድ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሲወድቅ ለመያዝ አትታገል፣ ዝለልና ተወው ተብዬ ስለነበር ቅጠል የምታክል ቁስል እንኳ አልነበረኝም። የግራ ስፖኪዮው ግን ተሰናበተ።

ከዚያ ፍሬን መጣ። እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ብዙ ልጅ የሚሞተው እዚህ ላይ ይመስለኛልና። ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። የኋላው ጎማ ይቀልላል፣ የፊቱ መሬቱን ይጨብጣል። ስለዚህ ከማቆሙ ሥራ አብዛኛውን የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው። «አትንካው» የተባለ ልጅ ፊቱ ላይ ጋሪ ሲገባበት የኋላውን ብቻ ይረግጣል፤ ጎማው ይቆለፍና ሞተሩ ጭራውን እያወዛወዘ ወደ ጋሪው ይንሸራተታል። የፊቱ የሚገለብጠው በአንድ ጊዜ ሲጨመደድ ነው። ሎሚ እንደሚጨመቅ ሰው ጀምሮ እያጠበቁ መሄድ ነው ዘዴው። ይህን ለመልመድ አንድ መቶ ጊዜ ያህል አቁሜያለሁ፤ በ20፣ ከዚያ በ30፣ ከዚያ በ40 ኪሎ ሜትር። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የማቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። በ60 ስትሄዱ ደግሞ እጃችሁ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ በሚያልፈው አንድ ሰከንድ ብቻ ወደ 17 ሜትር ተጉዛችኋል።

የመታጠፉ ነገር ደግሞ ጭራሽ ግራ ያጋባል። በፍጥነት ላይ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የመሪውን የቀኝ እጀታ ወደ ፊት ትገፋላችሁ። መሪው ለቅጽበት ወደ ግራ ይሄዳል፣ ሞተሩ ግን ወደ ቀኝ ያጋድላል፣ ይታጠፋል። ብስክሌት የነዳ ሁሉ ሳያውቀው ያደርገዋል፤ ችግሩ ሲደነግጥ ነው። የደነገጠ ሰው የፈራውን ነገር ትክ ብሎ ያያል፣ ሞተር ደግሞ ዓይን ያየበት ይሄዳል። እኔ ከአፖስቶ አለፍ ብሎ አንድ መታጠፊያ ላይ አህያ አየሁና አህያዋ ላይ አፈጠጥኩ። ያዳነችኝ አህያዋ ናት፤ እሷ ቆመች።

ከአራት ወር በኋላ ነው ዲላን ያየሁት። 90 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሙሉ ጠዋት ፈጀብኝ። ዲላ ገብቼ ቡና ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከደስታም ከድካምም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ሞተር ላይ እገዳ ስትጥል፣ ከዚያም ፈቃድ ያላቸውን ለይታ ስታስወጣ፣ ሲነገር የነበረው ምክንያት ቅሚያና ዝርፊያ ነው። ስለ ሌባ አወራን። ስለ ነጂው ግን ማን አወራ? በዓለም ዙሪያ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ከምንም በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ያ ዕድሜ የእናንተ ነው። ሄልሜት የሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ የኮክሬን ግምገማ አሳይቷል። እኛ ጋ ሄልሜት ክንድ ላይ ይንጠለጠላል፣ ትራፊክ ሲታይ ይጠለቃል፣ ማሰሪያውማ ጌጥ ነው።

ልጆቹን ብቻ መውቀስ ግን አይቀናኝም። ፈቃዱን የሚሰጠው አካል «ችሏል» ብሎ ማህተም መቷል። 19 ዓመት የሆነው ልጅ ማህተሙን ቢያምን ምን ያጠፋል? የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። አንድ ሜዳ፣ አሥር ኮን፣ ሩብ ቀን። ተፈታኙ በ40 መጥቶ በሁለቱም ፍሬን ሳይንሸራተት ይቁም። እግሩን ሳያወርድ ስምንት ቁጥር ይሥራ። ማርሽ እየቀየረ ይሂድ፣ ድንገት የመጣበትን ነገር ይሽሽ። ያቃተው በሚቀጥለው ወር ይምጣ። ገንዘቡን ከፍሎ የወደቀ ልጅ ቤተሰብ እንደሚጮህ አውቃለሁ፤ የማሰልጠኛ ባለቤቶችም ደንበኛ ይሸሸናል ይላሉ። ይጩሁ። የሐዘን ድንኳን ውስጥ ከሚሰማው ጩኸት ይህኛው ይቀላል።

ሞተር ለመግዛት የምታስቡም፣ ሙሉ ብራችሁን ሞተሩ ላይ አትጨርሱ። እኔ ስገዛ ለሄልሜት፣ ለጓንት፣ ለጎማ ብዬ ያስቀመጥኩት ከዋጋው አንድ አምስተኛ ነበር፤ ያም አልበቃኝም።

የእህቴ ልጅ ሆይ፣ ታነበዋለህ ብዬ ነው። ከሜካኒኩ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ የ125 ሲሲ ሞተር ለሁለት ወር ያውሰናል። እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ሜዳው ላይ። የመጀመሪያውን ቀን ትገፋለህ እንጂ አትነዳም። ሄልሜት ገዝቼልሃለሁ፤ መጠኑን በእናትህ በኩል ነው የጠየቅኩት፣ ካልሆነህ ይዘህ ና፣ እንቀይረዋለን።