የክረምት ጓሮና የሌሊት ዘበኛይቱ ጕጕት

ክረምት ሥራ የሚፈታበት ወራት ነው የሚል ሰው ጓሮ የሌለው ሰው ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ስለ ሆነች፥ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናሙና ጉሙ አይለያትም። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሣው የጉና ተራራም ራሱን በደመና ተከናንቦ እየሰነበተ፥ ውሃውን በርብና በጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ይልካል። እኛም ከጽሕፈት ቤት ስንመለስ ብዕሩን አኑረን ዶማ እናነሣለን። የጐርፍ ቦይ መቅደድ፥ ድንቹን መኰትኰት፥ ጐመኑን ማረም፥ ጌሾውን መንከባከብ፥ በቅጥሩ ዳር ችግኝ መትከል የክረምት ሥራችን ነው።

ዛሬ ግን የምንጽፈው ስለ ሥራችን ሳይሆን ስለ ጥፋታችን ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምት አይጥ በዛብን። ድንቹን ከነሥሩ ቈረጠመው፤ በጐተራ ያለውንም ገብስ ደፈረው። ባለቤታችን፥ «ልጅ ባለበት ቤት መርዝ አይግባ» ስትል ብትከለክለን፥ ምክሯን ንቀን ገብስ በመርዝ ለውሰን በየጉድጓዱ አፍ አኖርን። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከአሮጌው ወይራ ሥር አንዲት ጕጕት ሞታ ተገኘች። ከእኛ ቀድማ ያገኘቻት የስድስት ዓመት ልጃችን ነበረች። ወፏን በሁለት እጇ ታቅፋ መጥታ፥ «አባባ፥ ይህችን ማን ገደላት?» ብላ ጠየቀችን።

ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ሰው ክስና መልስ ሲጽፍ የኖረ ጸሐፊ፥ ለዚህች አንዲት ጥያቄ የሚሰጠውን ቃል አጣ። እናትዋ የልጅቱን እጅ በሳሙና ደጋግማ አጠበች፤ እስኪመሽም ድረስ ዓይንዋን ከእርስዋ ላይ አላነሣችም። ልጅቱ በጤና አደረች። እኛም በዝናም ውስጥ ተንበርክከን ያኖርነውን ገብስ አንድ በአንድ ለቅመን በጥልቅ ቀበርነው።

ከቤተ ሰዎቻችን አንዳንዶቹ በወፏ መሞት ደስ ሳይላቸው አልቀረም፤ ጕጕት ከጮኸች ሰው ይሞታል ሲባል እየሰሙ አድገዋልና። እኛ ግን በጐተራው ክዳን ሥር ወድቀው ካገኘናቸው ድቡልቡል ነገሮች አንዱን አንሥተን በውሃ ብንዘፈዝፈው፥ ጠጕርና የሦስት አይጦች የራስ አጥንት ሆኖ ተገኘ። ጕጕት አይጧን ሳታላምጥ ትውጥና ጠጕሩንና አጥንቱን ጠቅልላ መልሳ ትተፋዋለች። መርዝ የበላ አይጥ ደግሞ ወዲያው ስለማይሞት፥ ደክሞ ሲንገዳገድ በቀላሉ ትይዘዋለች፤ መርዙም ወደ እርስዋ ያልፋል። እንግዲህ ያለ ደመወዝ ጐተራችንን ስትጠብቅ የኖረችውን ዘበኛ በገዛ እጃችን ገደልናት ማለት ነው። ከመስከረም በኋላም አይጡ ከቀድሞው በዝቶ ተመለሰ።

ወፍ ማደሪያ ዛፍ ትሻለች። በደቡብ ጐንደር አሮጌው የአገር ዛፍ በብዛት የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ በዚሁ አገር በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ መቈጠሩን ገልጠዋል። በአንዳንዶቹም ደኖች ዙሪያ ከብት ችግኙን እንዳይበላ የድንጋይ አጥር ተሠርቷል። በየግቢያችን የምናቈያት አንዲት ወይራ ከደን ወደ ደን ለምትሻገር ወፍ ማረፊያ ትሆናለች።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ጐተራውን ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ አቆምነው፤ ቀዳዳውን በጭቃ ደፈንን፤ በዙሪያው ያለውን አረም አጨድን፤ ድመትም አመጣን። ባሕር ዛፍ ልንተክልበት ልንቈርጠው አስበን የነበረውን ወይራ ተውነው፤ ከጐኑም ሁለት የኮሶ ችግኝ ተከልን። መርዝ ወደ ቤታችን አልገባም።

በሐምሌ አንድ ሌሊት ዝናሙ ጋብ ሲል ከወይራው ላይ ድምፅ ተሰማ። ሠራተኛችን ደንግጣ አማተበች። ልጃችን ግን ከመኝታዋ ቀና ብላ፥ «አባባ፥ ሌላዋ መጣች፤ ይችን እንዳትገድላት» አለች። እኛም እንደማንገድላት ቃል ሰጠናት፤ መዝገባችንም ይኸው ነው።